ቤትን ከአውሬ፥ ከሌባና ከወታደር የመጠበቅ ልማድ በወገራና በስሜን ግርጌ

ከዳባት እስከ ደባርቅ፥ ከደባርቅም እስከ ወልቀፊት ገደል አፍ በሚደርሰው ደጋ ላይ የገበሬው ጎጆ በተለመደው አሠራር በሩ አንድ ነው፤ መስኮትም አይወጣለትም። ይህ ስለ ብርድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና። ነገር ግን ምክንያቱ ብርድ ብቻ አይደለም። ሲመሽ ከብቱ ወደ ጋጣ ይገባል፤ ጋጣውም በብዙ ቤት ከሰው መኝታ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ነው። ሰው በመደብ ወይም በቆጥ ላይ ተኝቶ ሳለ የበሬው ትንፋሽ ቤቱን ያሞቅለታል፤ ሌባም በሬውን ሊነዳ ቢፈልግ በባለቤቱ ራስጌ ማለፍ ይኖርበታል። መዝጊያው ከወፍራም ሳንቃ ተጠርቦ ከውስጥ በመወርወሪያ ይሸጎራል። መወርወሪያውን የሚያስገባውም የሚያወጣውም ውስጥ ያለ ሰው ስለሆነ፥ ጓጉንቸር ቁልፍ በገበያ እስኪለመድ ድረስ ባዶ ቤትን በሚገባ የሚዘጋ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህም ቤት ያለ ሰው አይተውም፤ ቤተ ሰቡ ወደ ገበያ ወይም ወደ ለቅሶ ሲሄድ አንዲት አሮጊት ወይም አንድ ልጅ ይቀራል። የቤቱ እውነተኛ ቁልፍ የቀረው ሰው ነው።

የቤት ጥበቃ ታሪክ ሲመረመር አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ቤቱ ከማን ይጠበቃል የሚለው ነገር ነው። በዚህ አገር ሳይጠሩት ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ዓይነት ነበረ፤ ጅብና ነብር፥ የጎረቤት ሌባ፥ ሽፍታ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሹም ትእዛዝ የሚመጣ ወታደር። ለአንዱ የሚበጀው መከላከያ ለሌላው ከንቱ ይሆናል፤ አንዳንዴም ጉዳት ያመጣል። ጅብን የሚመልስ አጥር ወታደርን አይመልስም፤ ሽፍታን የሚያስፈራ ጠመንጃ ሌባን ይጠራል። የወገራና የስሜን ሰው ልማድም የተሠራው እነዚህን ሁሉ ሲያመዛዝን በኖረበት ኑሮ ነው።

በአውሬው መጀመር ይገባል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የላማልሞን አቀበት ወጥቶ በወገራ በኩል ጎንደር ገባ። በመጽሐፉም ውስጥ የነገሥታቱ ከተማ መንገዶች ከምሽት እስከ ንጋት በጅብ የተመሉ እንደ ነበሩ ጽፏል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከጣና በስተደቡብ በምትገኘው በሜጫ አገር ሳለ ጅብ ሌሊት ከድንኳኑ ገብቶ የሻማ እስር በአፉ ይዞ እንዳገኘው ይተርካል። አውሬ የሚገባው ለሥጋ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል፤ ቅባትና ጠፍር ያለበት ሁሉ ያስመጣዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው የክፉ ቀን ዘመን የቀንድ ከብት በበሽታ ባለቀና ሰው በራብ በደከመ ጊዜ አውሬው ድፍረት አግኝቶ ሰውን እስከ መኖሪያው ድረስ ማጥቃቱ በዘመኑ በነበሩ ሰዎች ተመዝግቧል። ያን ጊዜ አጥሩ ያው አጥር፥ መወርወሪያውም ያው መወርወሪያ ነበረ፤ የጎደለው አጥሩን የሚጠግንና መወርወሪያውን የሚያነሣ ጉልበት ነበር።

የአጥሩ ዓይነት እንደ ምድሩ ይለያያል። ድንጋይ በበዛበት በስሜን ወገን ያለ ጭቃ የተደረደረ ካብ ይታያል፤ በላዩም የቀጋ ወይም የሌላ እሾህ ቅርንጫፍ ይደረብበታል። ከወልቀፊት በታች፥ ወደ አዲ አርቃይ በሚያወርደው ቆላማ ወገን፥ ቁልቋል ተተክሎ ሕያው አጥር ይሆናል፤ ወተቱ ዓይን የሚያጠፋ ስለሆነ ከብትም ሰውም ይፈራዋል። ካብ ጥሩነቱ እሳት አይበላውም፤ መጥፎነቱ ግን ለሚወጣበት ሰው እንደ ደረጃ መሆኑ ነው። የእሾህ አጥር ይህ ጉድለት የለበትም፤ ሆኖም በየዓመቱ ይበሰብሳል፥ ይቃጠላል፥ በማገዶ እጦት ጊዜም የገዛ ባለቤቱ እየነቀለ ያነደዋል። ከሦስቱ ብዙ ድካም ሳይጠይቅ ረጅም ዘመን የሚቆየው ቁልቋል ነው፤ ደጋው ግን አያበቅለውም። እርሻውንም ከጭላዳ መጠበቅ የዚሁ ሥራ ክፍል ነው። የስሜን ገብስ ከተዘራ ጀምሮ እስኪታጨድ የልጆች ወንጭፍና ጅራፍ ካልጠበቀው ጭላዳው ይነጨዋል፤ ለዚህ የሚሆን አጥር እስካሁን አልተገኘም።

ከአጥር የሚቀድመው ዘበኛ ውሻ ነው። ውሻ ግን ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉሙን የሚያገኘው ከእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ጋራ ሲሆን ነው። ወደ ሰው ቤት የሚመጣ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥም «ማነው?» ይባላል፤ ውሻው ይያዝለታል። የመሸበት መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ተናግሮ ማደሪያ ይለምናል፤ እርሱን መመለስ ነውር ነው። በዚህ ሥርዓት መሠረት ሰውን ሌባ የሚያሰኘው ባዕድነቱ ሳይሆን ሳይጣራ መግባቱ ነው። በሩ ለማንም ሊከፈት የተዘጋጀ ቤት እንዴት ይጠበቃል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በዚህ ጥሪ ውስጥ ይገኛል፤ እንግዳው ድምፁን አስቀድሞ ለመንደሩ ሁሉ ያሰማል፥ መንደሩም ማን ማን ዘንድ እንዳደረ ያውቃል። የውሻን ነገር ግን ገበሬው ራሱ ከመጠን በላይ አያምንበትም፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ምሳሌ የተነገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌባ ከገባ በኋላ የሚቀረው ጩኸት ነው። እሪታ ሲሰማ መሣሪያ ያለው መሣሪያውን፥ የሌለው ዱላውን ይዞ መውጣት የጎረቤት ግዴታ ነበረ፤ ያልወጣ ሰው ሌላ ጊዜ የእርሱ ጩኸት ሰሚ አያገኝም። ከብት ተነድቶ ከሆነ ዱካ ይከተላሉ። ሌባው ካልተያዘ ነገሩ ወደ አውጫጭኝ ይሄዳል፤ በሌላ ስሙም አፈርሳታ ይባላል። የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ፥ ብዙ ጊዜም በትልቅ ዛፍ ሥር፥ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበውም ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ያየውን መናገር የሚፈራ ሰው ስሙ ሳይገለጥ በምስጢር ያስታውቃል፤ ይህም ምስጢር ነጋሪ «ወፍ» ይባላል። የዚህ ሥርዓት ኃይሉ ግልጽ ነው። ሌባው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ አይመጣም፤ የሚያውቀው ሰው አለ፤ የሚያውቀውንም ሰው ከሥራው አስፈትቶ በፀሐይ ማቆየት አፉን ያስከፍታል። ጉድለቱም በዚያው ልክ ግልጽ ነው። በእርሻ ወራት ብዙ ቀን የሚባክነው የንጹሓን ቀን ነው፤ ወፏም ስሟ ስለማይነገር ቂሟን ልትወጣበት ትችላለች።

ከዚህ የባሰው ሌባ ሻይ ነበር። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና በወገቡ በታሰረ ጨርቅ ተይዞ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ነው ተብሎ ባለቤቱ ዕዳ ይከፍላል። የሌባ ሻይ አለቃ የሚባል ሹም የነበረው ይህ ልማድ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። ሌባውን ከማግኘት ይልቅ በማስፈራት ይሠራ ነበር ብለው የሚከራከሩለት አሉ፤ በእርግጥም ልጁ ሳይጠጣ ገና ወሬው ሲሰማ የተሰረቀው ዕቃ በሌሊት ተመልሶ ሊገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ልጁ በደጁ ስለ ወደቀ ብቻ ሀብቱ የተወሰደበት ሰው በዚህ ክርክር አይካስም። ቤቱን ከሌባ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በሌባ ሻይ ቤቱ ተከፍቶ ተዘረፈ ማለት ነው።

ሌባውን በቤት ውስጥ አግኝቶ መግደልስ? ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ ተመትቶ ለሞተ ሌባ የደም ዕዳ እንደሌለ፥ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ እንዳለ ይለያል። ይህ ልዩነት ለካህኑም ለገበሬውም የታወቀ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ እርሱንም የተካው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፥ ራስን መከላከልን የሚቀበሉት ከአደጋው ጋራ ሲመዛዘን ነው። የስሜን ገበሬ ግን ከሕጉ ይልቅ የሚያሰላው ደምን ነው። የሟች ወንድምና የአጎት ልጅ ሌባ ነበረ ብለው አይተዉም፤ ሽማግሌ ገብቶ ካሳ ካልተቆረጠ በቀር ደም መላሽ ለዓመታት ያደፍጣል። አንድ በሬ ለማዳን የተተኮሰ ጥይት ወንድ ልጅን ያስከፍላል። ስለዚህ ብልህ አባወራ ሌሊት ኮሽታ ሲሰማ አስቀድሞ የሚያደርገው መተኮስ ሳይሆን መጮኽ ነው፤ ሌባው መንደሩ መንቃቱን ሰምቶ ቢሸሽ ለሁሉም ይሻላልና።

ጠመንጃ በዚህ አገር በብዛት የተሰራጨው ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ነው። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከባሕር በሚመጣው ንግድ በኩል ብዙ መሣሪያ አከማችተው ነበር፤ ከዓድዋ ጦርነትና ከአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ በኋላም ውጅግራውና ምንሽሩ ወደ ገበሬው ቤት ገባ። ጠመንጃ ክብር ነው፤ ለሠርግ ይተኮሳል፥ ለለቅሶ ይያዛል። ነገር ግን በጎጆ ውስጥ ካለው ሀብት ሁሉ ለመሸከም የሚቀለውና ዋጋው የሚከብደውም እርሱ ነው። ለሽፍታ ከጠመንጃ የበለጠ ምርኮ የለም። ቤቱን ሊጠብቅበት የገዛው ሰው ጠመንጃውን ራሱን መጠበቅ ይኖርበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ይህን መሣሪያ በፈቃድ ሥር ለማዋል የታሰበ ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ጥቂት ሆነው በስውር ስለሚመጡ ነው። ወገራ ግን እህል የሚሞላበት ሜዳና ከጎንደር ወደ ትግራይ የሚወስድ የጦር መንገድ ነው። በዘመነ መሳፍንት በዚያ የሚያልፈው ሠራዊት ስንቅ የሚያገኘው ከገበሬው ጎተራ ነበር፤ ሲሰፍርም ወታደሩ ቤት ለቤት ይመራና ባለቤቱ እያበላ፥ ፈረሱንም እያስገረፈ ያኖረዋል። ይህ እንግዳ «ቤቶች!» ብሎ አይጣራም፤ ውሻ አይመልሰውም፤ ጎረቤት ቢጮኹበት አይመጣም፥ በጎረቤቱም ቤት ሌላ ወታደር ተቀምጧልና። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያው ዘመናቸው ለወታደሩ ደመወዝ ከፍለው ዝርፊያን ለማስቀረት ሞክረው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም በ1892 እ.ኤ.አ. ዐሥራት በጎተራ ገብቶ ወታደር ከዚያ እንዲቀለብ፥ በገበሬ ቤትም እንዳይመራ አወጁ። አዋጅ ያስፈለገው አጥር ሊያደርገው የማይችለው ነገር ስለ ሆነ ነው።

በሠራዊት ፊት ለገበሬው የቀሩት መንገዶች ሦስት ነበሩ፤ መደበቅ፥ አደራ ማስቀመጥና መውጣት። ጎተራ ከቤት ውጭ ቆሞ ከሩቅ ስለሚታይ ለዘራፊ ምልክት ነው፤ በጉድጓድ የተቀበረ እህል ግን አፉ በአፈርና በእበት ከተደፈነ ባለቤቱ ካልተናገረ አይገኝም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ እህሉ ይሻግታል፥ ባለቤቱም እንዲናገር ይገረፋል። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። ታቦት ያለበት ቅጽር የሚፈራ ስለ ሆነ ሰው ልብሱንና ጌጡን፥ መሣሪያውንም ሳይቀር በዕቃ ቤት አደራ ያኖር ነበር። ይህ ጥበቃ የሚጸናው የሚመጣው ሰው ያንኑ ታቦት እስከ ፈራ ድረስ ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን በዘረፉ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱም አልተረፉም፤ መጻሕፍታቸው ወደ መቅደላ ተጓዙ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በሳር ውኃ ድል ነሥቶ ጎንደር ሲገባ ደግሞ እሳቱ የቀሩትን በላቸው። በጎንደር 900 ሜትር ያህል ርዝመትና 12 በሮች ያሉት የነገሥታት ግቢ ቅጥር ቆሞ ነበር፤ እርሱም ቢሆን በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን አላዳነም፤ ያስገደላቸው ራስ ሚካኤል ስሑል በገዛ ጥሪያቸው የመጣ ነበርና።

ሦስተኛው መንገድ አምባ ነው፤ በዚህም ከስሜን የሚተካከል አገር በኢትዮጵያ ጥቂት ነው። ዙሪያው ገደል፥ አናቱ ሜዳ፥ መውጫው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቀጭን መንገድ ሆኖ ሳለ ጥቂት ሰዎች ድንጋይ እያንከባለሉ ብዙ ሠራዊት ሊመልሱ ይችላሉ። የዐፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል በስሜን ከነበሩት ከቤተ እስራኤል መሪዎች ጋራ፥ በ1579 እ.ኤ.አ. ከረዳኢ፥ ጥቂት ዓመታትም ቆይቶ ከሌሎቹ ጋራ የተደረገውን ጦርነት በሰፊው ይተርካል። የሚንከባለለው ድንጋይ፥ ለበቅሎ የማይመቸው መንገድ፥ የአምባው ሰዎች ቆራጥነት ሁሉ በጠላታቸው ጸሐፊ እጅ ተጽፎ ይገኛል። ከማራኪዋ ጋራ እጇ ታስሮ ሳለ ወደ ገደል ዘልላ እርሱንም ይዛው የወደቀችውን ሴት ዜና መዋዕሉ በአድናቆት ማስቀመጡ ለተመራማሪ ብዙ ይነግራል። ይሁን እንጂ ከነዚህ አምቦች ብዙዎቹ በመጨረሻ ተይዘዋል፤ በዐፄ ሱስንዮስም ዘመን የጌዴዎን ኃይል ተሰብሯል። አምባ የሚሸነፈው በውኃና በስንቅ እጦት፥ ወይም መንገዱን በሚያውቅ ሰው ነው። ከዚህም በላይ ገበሬ ወደ አምባ ሲወጣ እርሻውንና ቤቱን ለጠላት ትቶ ነው፤ የሚያድነው ነፍሱን እንጂ ቤቱን አይደለም።

ውቤም ሀብታቸውን በአምባ ያኖሩ ነበር። በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በቪልሄልም ሺምፐር ተካፋይነት ያሠሩትና ለንግሥናቸው ያዘጋጁት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በጠንካራ ቅጥር የተከበበ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ውጊያ ውቤን ማርከው፥ በጥቂት ቀን ውስጥ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ ያጠሩትን ቅጥር በበሩ የገባው ሌላ ሰው ሆነ።

ኢጣሊያኖች ከጎንደር ወደ አስመራ የሚወስደውን መንገድ በወልቀፊት ገደል ላይ ቆርጠው ባወጡ ጊዜ የአምባው ዋጋ ተለወጠ። የወልቀፊት ምሽጋቸው በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ ቆይቶ መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ተከተለች። መንገዱ ግን ቀረ። ዳባት የወገራ፥ ደባርቅ የስሜን አውራጃ ዋና ከተማ ሆነው ያደጉት በዚህ መንገድ ላይ ነው። በከተማ የሚያልፈውን ሁሉ ውሻ ሊያውቀው አይችልም፤ የማይታወቅ ሰው የዕለት ነገር ሆነ። ስለዚህ ቆርቆሮ፥ እሾሃማ ሽቦ፥ ከውጭ የሚቆለፍ በርና ደመወዝተኛ ዘበኛ መጣ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ የሌሊቱን ጥበቃ ለአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሰጡ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌሊት በር የሚያንኳኳው ዘበኛው ራሱ የሚሆንበት ዘመን ታየ።

የወታደር ምሪት ያለፈ ታሪክ ብቻ አለመሆኑ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ታይቷል። ጦርነቱ በዳባት አካባቢ ጭና በደረሰ ጊዜ የትግራይ ተዋጊዎች በነዋሪው ቤትና ግቢ መቀመጣቸውን፥ ከብቱን እንዲያርድላቸው ማስገደዳቸውን፥ ሰላማዊ ሰዎችም መገደላቸውን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። በሩ አንድ የሆነው ጎጆ በዚህ ጊዜ ለሌባ ሲከብድ የኖረውን ያህል ለባለቤቱም ለመሸሽ ከብዶ ይገኛል።

በ2008 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። በግጭ ሳሉ የሚጠብቁት በግና ገብስ፥ የሚጠብቁበትም ካብ፥ ውሻና የዘመድ ጩኸት ነበር። በደባርቅ በግ ጥቂት ነው፥ ገብስ ከገበያ ይሸመታል፥ የሚጠበቀውም ገንዘብና የቤት ዕቃ ነው። ከተራራ ሲወርዱ ይዘውት ሊመጡ ያልቻሉት ከሁሉ የሚበልጥ ነገር እሪ ሲሉ የሚወጣው መንደር ነው፤ በቆርቆሮ አጥር የተለያየ ጎረቤት ጩኸቱ ከየትኛው ግቢ እንደ ተነሣ ለመለየት ጊዜ ይፈጅበታል።